መደርደሪያው ሞልቷል፣ አንባቢው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል፦ ምን ላውጣ? ምን ልግዛ?

ማኅሌት (ሰሜን ሸዋ)

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንዲት የሰሜን ሸዋ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። በሙያው የተቀጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

መዝገባችን ላይ 4,120 መጻሕፍት አሉ። ወንበሩ 36 ነው። መጽሐፍ አናውስም፣ እዚሁ ነው የሚነበበው። ተማሪ ሲለቀቅ መቀመጫ ስለማይበቃ ልጆቹ የመስኮት ደፍ ላይ ሳይቀር ይቀመጣሉ። ሲያዩት ደስ ይላል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ግን አብዛኛው የሚያነበው የራሱን ደብተር ነው። የሚፈልገው መጽሐፍ እኛ ጋ የለም።

ጥር ላይ አንድ ነገር ሞከርኩ። ማታ ማታ ከጠረጴዛ የማነሳውን መጽሐፍ ወደ ቦታው ከመመለሴ በፊት የመጨረሻ ገጹ ላይ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አደርግበታለሁ። ወሩ ሲያልቅ መደርደሪያ በመደርደሪያ እየገለጥኩ ቆጠርኩ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ነጥብ ያለባቸው 391 ብቻ ናቸው። ሌላው ንቅንቅ አላለም።

ያልተነካው ምን ዓይነት ነው? አንደኛው ከሁለት ዓመት በፊት በእርዳታ የመጣው 14 ካርቶን ነው። የላኩት ሰዎች በቅንነት ነው ያደረጉት፤ እሱን አልጠራጠርም። ነገር ግን ውስጡ የካናዳ የገቢ ግብር መመሪያ አለ። የዊንዶውስ 95 መማሪያ አለ። አንድ ዓይነት የሂሳብ አያያዝ መጽሐፍ 22 ቅጂ አለ። ርክክቡ ሲፈጸም ሁሉም በሞዴል 19 ገቢ ሆነ። ስለዚህ አሁን የመንግሥት ንብረት ነው፣ ቁጥር ተጽፎበታል፣ በእኔ ስም ተመዝግቧል። አንድም ቢጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ድሮ የነበረው ነው። ፕሉቶን ዘጠነኛ ፕላኔት የሚል የሥነ ፈለክ መጽሐፍ አለን። ለወባ ፋንሲዳር ውሰዱ የሚል የጤና መጽሐፍ አለን። ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ደግሞ የ1960ዎቹ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥራዞች መሬት ላይ ተደራርበዋል። አይጥ ጀምሯቸዋል።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ ሰው ነው። ባለፈው ወር አንድ ጎልማሳ መጥቶ የንግድ ሕግ ጠየቀኝ። ብቻውን አነስተኛ ድርጅት ሊያቋቁም ነው። አውጥቼ ሰጠሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ በእጁ ገለበጠ። አመስግኖኝ ሄደ። የሰጠሁት የ1952ቱ ሕግ መሆኑ ትዝ ያለኝ ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። በድሮው ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። በ2013ቱ አዋጅ ግን አንድ ሰው ብቻውን ይችላል። ሰውየው "ብቻዬን አልችልም" ብሎ ተስፋ ቆርጦ ሊሆን ይችላል። ስሙን አልያዝኩም። እስካሁን አላየሁትም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። ምኑን ላውጣ፣ በምን መለኪያ? ንብረት ክፍል "መጽሐፍ አይወገድም" ይለኛል። ሁለተኛ፣ ዘንድሮ 60,000 ብር ለመጽሐፍ ግዥ ተፈቅዶልኛል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ማባከን አልፈልግም።

---

ጡረተኛው ባለ ካታሎግ

ልጄ ማኅሌት፣ በዚህ ሥራ 31 ዓመት ቆይቻለሁ። ያንቺን ነጥብ ሳነብ ደስ አለኝ። ውሰት የማይፈቅድ ቤተ መጻሕፍት ምኑ እንደሚነበብ የሚያውቅበት ቀላል መንገድ ይኸው ነው። ዓመቱን ሙሉ ቀጥዪበት። ጥር የፈተና ወር ስለሆነ ብቻውን ያሳስትሻል። ክረምት ላይ ሌላ ሰው ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ከልብሽ ይውጣ። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ማውጣት ኃጢአት አይደለም። በኢትዮጵያ የታተመውን ሁሉ ለዘላለም መያዝ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የወመዘክር ሥራ ነው። አሳታሚዎች ከሚያትሙት ቅጂ የማስገባት ግዴታ ያለባቸውም ለዚሁ ነው። ያንቺ ቤት ሌላ ነው። ያንቺ ቤት በሩን ከፍቶ ለሚገባው ሰው ነው። የካናዳ ግብር የሚከፍል ሰው በከተማሽ ካለ መመሪያውን ያዢው። ከሌለ ቦታ ይዞብሻል።

ዕድሜ ብቻውን መለኪያ አይሆንም። አንቺው ያነሳሽውን ሕግ ልውሰድ። የንግድ ሕጉም የፍትሐ ብሔር ሕጉም የ1952 ዓ.ም. ናቸው። መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ወረቀታቸውም እኩል ቢጫ ሆኗል። ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ ማኅበራት የሚናገረው የንግድ ሕጉ ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ዛሬም ፍርድ ቤት ይሠራበታል፤ ውስጡ ያለው የቤተሰብ ክፍል ግን በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ተተክቷል፣ ክልሉም የራሱን አውጥቷል። ዓመተ ምሕረት ብቻ አይቶ የሚያጸዳ ሰው ወይ ሁለቱንም ያወጣል ወይ ሁለቱንም ይተዋል። በሁለቱም ተሳስቷል። ስለዚህ ለሕግ ዓቃቤ ሕግ ጠይቂ። ለጤና የጤና ጣቢያውን ባለሙያ ጥሪ። ፋንሲዳር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ለወባ የመጀመሪያ መድኃኒትነቱ ቀርቷል፤ ያ መጽሐፍ ዛሬውኑ ይውጣ። ልብ ወለድና ታሪክ ግን በዕድሜ አይለካም።

ዓመት ካነሳን አይቀር፣ አቆጣጠሩን ተጠንቀቂ። አንድ ጊዜ በበጎ ፈቃድ የመጡ ተማሪዎች "ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ለዩ" ተብለው ሁሉንም እኩል ለዩት። 1995 የሚል የእንግሊዝኛ መጽሐፍና 1995 የሚል የአማርኛ መጽሐፍ አንድ ካርቶን ውስጥ ገቡ። የአማርኛው በሰባትና ስምንት ዓመት ያንሳል እኮ! ብዙ ጥሩ መጽሐፍ ከካርቶን መልሼ አወጣሁ።

አሁን ወደ ንብረት ክፍል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከመደርደሪያ ማውጣትና ከመዝገብ መሰረዝ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው ያንቺ ሙያ ነው፣ ማንንም አታስፈቅጂም። አውጪው፣ ካርቶን ውስጥ አድርጊው፣ ላዩ ላይ "ከአገልግሎት የወጣ" ብለሽ ጻፊ፣ ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ ያዢ። ንብረቱ አልጠፋም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ሁለተኛው የንብረት አወጋገድ ኮሚቴ ጉዳይ ነው። ዝርዝሩን ከነምክንያቱ አያይዘሽ በደብዳቤ አቅርቢ። ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ አንድ ቅጠል እንዳይወጣ። 22ቱ ቅጂ ላይ ግን ማስወገድ አትበይ። ሁለት አስቀሪና የቀረውን ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ እንዲዛወር ጠይቂ። በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፣ ያንቺም ስም ይነጻል።

የአዲስ ዘመን ጥራዞች ላይ እጅሽን እንዳታነሺ። ዛሬ ከሰዓት ከመሬት አንሥተሽ ጣውላ ላይ አድርጊያቸው። ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቅ ይበሉ፣ እርጥበቱ ከግድግዳ ነው የሚመጣው። የከተማሽ የትምህርት ቤት መጽሔት፣ የድሮ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ ስለ አካባቢው የተጻፈ ማንኛውም ነገር ቢገኝም እንዲሁ። እሱ አንባቢ በዓመት አንድ ቢመጣለትም ይቀመጣል። ሌላ ቦታ የለማ።

---

የፊዚክስ መምህር

እኔ ስለ ግዥው ብቻ ልናገር። 40 ዓይነት መጽሐፍ አንዳንድ ቅጂ ከምትገዢ 10 ዓይነት አራት አራት ቅጂ ግዢ። ተማሪ የሚመጣው በቡድን ነው። አንድ ቅጂ ካለ ቀድሞ የያዘው ይዞት ይውላል፣ የቀሩት ይጨዋወታሉ።

የመማሪያ መጽሐፉን ራሱን አትግዢ። ትምህርት ቤት ያድላል፣ ስልክ ያለው ደግሞ በቴሌግራም ፒዲኤፉን ይዟል። የጎደለው ማጣቀሻ ነው፤ ጥያቄው ከነአሠራሩ የተብራራበት። ስትገዢ ውስጡን ግለጪ። ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ በኋላ ሽፋኑን ብቻ አድሰው የድሮውን ይዘት የሚሸጡ አሉ። የምዕራፎቹን ርዕስ ከአዲሱ መማሪያ ጋር አመሳክሪ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከእያንዳንዱ ትምህርት አንድ መምህር ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ የተሻለ ነው።

ልብ ወለድ ላይ ገንዘብ ባታወጪ እመክራለሁ። ብሩ ትንሽ ነው።

---

ሰብለ (ሜሪላንድ)

ማኅሌት እህቴ፣ እንደምን አለሽ። እኔ ዋሽንግተን አጠገብ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ሰውየው የገለበጠውን ሕግ ሳነብ አንጀቴ ነው የተላወሰው። ባዶ መደርደሪያ ቢሆን ሰውየው ሌላ ቦታ ይጠይቅ ነበር። የተሳሳተ መጽሐፍ ግን አምኖት ይሄዳል።

እዚህ አገር "ዊዲንግ" የሚሉት፣ ማለትም የማይጠቅመውን መጽሐፍ እንደ አረም ለይቶ ከመደርደሪያ ማውጣት፣ የየሳምንቱ ሥራ ነው። ከቴክሳስ የወጣ እ.ኤ.አ. የ1976 መመሪያ አለ፣ እየታደሰ እስካሁን ይሠራበታል። ለየዘርፉ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። ለምሳሌ 10/3 ማለት ከታተመ 10 ዓመት ካለፈውና 3 ዓመት ማንም ካልወሰደው ይታይ ማለት ነው። ይታይ ነው እንጂ ይጣል አይደለም። ከዚያ መጽሐፉን በእጅ ይዞ መጠየቅ ነው። ያሳስታል? ተበጣጥሷል? የተሻለ እትም ወጥቷል? ለዚህ ሰፈር ሰው ይጠቅማል? ሌላ ቦታ በቀላሉ ይገኛል? ቁጥሮቹን እንዳሉ አትውሰጂ። ያንቺ አገር የመጽሐፍ አቅርቦት እንደዚህ አይደለም። ጥያቄዎቹ ግን የትም ይሠራሉ።

ስለ እርዳታ። የእኛ ቤት አንድ ገጽ ጽሑፍ አለው። የሰጣችሁን መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ማድረጉን የምንወስነው እኛ ነን፣ ያልሆነንን ለሌላ እናስተላልፋለን ይላል። ሰጪው አንብቦ ይፈርማል። አንቺም ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ኃላፊሽን አስፈርሚ። ዋናው "ካርቶኑ ከመምጣቱ በፊት ዝርዝሩ ይላክልን" የሚለው ነው። እምቢ ማለት ለአንድ ሰው ከባድ ነው። ወረቀት ሲኖርሽ እምቢ ያልሽው አንቺ ሳትሆኚ ደንቡ ነው።

እኛ ጋ የአማርኛ መጽሐፍ መምረጥ ምን እንደሚመስል ላጫውትሽ፣ ይጠቅምሻል ብዬ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ያዝዙ የነበሩት ፊደሉን የማያነቡ ሰዎች ናቸው። ርዕሱ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሰው ሁሉ በራሱ መንገድ ስለሚጽፈው አንድ መጽሐፍ ሦስት የተለያየ መጽሐፍ መስሏቸው ሦስት ጊዜ ገዝተውታል። ጸሐፊውንም በአባት ስም መዝግበውታል። አንድ አባት መጥተው የደራሲውን ስም ነግረውን "የለንም" አልናቸው። መጽሐፉ ከጀርባዬ ነበር። የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፣ ካታሎጉም እንደዚያ መሆን አለበት።

ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ ከጀመርሽ ፊደሉን አስቢበት። "ፀሐይ"፣ "ጸሐይ"፣ "ፀሀይ" ለማሽኑ ሦስት ቃል ነው። "ዓለም" ብለሽ የመዘገብሽውን "አለም" ብሎ የሚፈልግ ልጅ አያገኘውም። እኛ ርዕሱን ሽፋኑ ላይ እንዳለ እንጽፍና ሌላውን አጻጻፍ በተጨማሪ መስክ እናስገባለን። ኮሃ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር በነፃ ነው፣ አገር ቤት ብዙ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀምበታል። ግን ኤክሴልም ይበቃሻል፤ ዋናው ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት አጻጻፍ መያዝ ነው።

መጻሕፍትን በየርዕሰ ጉዳያቸው በቁጥር በሚመድበው በዲዊ የምትሠሪ ከሆነ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሁሉ 892.87 ላይ ይከማቻል። ለአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ሁለት መደርደሪያ ነው። ላንቺ ግን ግማሽ ቤት ነው! ቁጥሩን ተዪውና ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ ተውኔት፣ የልጆች ብለሽ ለይተሽ በደራሲው ስም በሀ ሁ ቅደም ተከተል ደርድሪው።

አሁን መምህሩን አክብሬ ልቃወማቸው። ልብ ወለድ አትግዢ ማለት ልክ አይመስለኝም። ተማሪው ለፈተና ብቻ ከመጣ ፈተናው ሲያልቅ አይመለስም። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ አጡ። ያ ነገር ነው ኋላ ወደ አገር ቤት መልሷቸው እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው፣ ሐዋሳም ላይ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት የመጣው። ልጅ በተረት ነው የሚጀምረው። ከ60,000ው ቢያንስ ሲሶውን ለልጆችና ለልብ ወለድ ስጪ። ደግሞ ሁሉንም ባንድ ቀን አታውጪው። የበጀት ሕጉ ከፈቀደ በሁለት ዙር ግዢ፣ የመጀመሪያውን ዙር ነጥብ አይተሽ ሁለተኛውን ትወስኛለሽ።

አንድ የመጨረሻ፦ ስትገዢ ጀርባውን እዪ። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ ከሆነ ሦስት ወር አይቆይም። በክር የተሰፋ ካለ ትንሽ ጨምረሽም ቢሆን እሱን ውሰጂ። ካልተገኘ የጥረዛ ገንዘብ ከወዲሁ አስቀሪ።

---

ማኅሌት (ሰሜን ሸዋ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አምስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ጋሼ እንዳሉኝ ጥራዞቹን ያኑ ቀን አነሣኋቸው። ጥበቃችን ጣውላ ከቤቱ አመጣልኝ። የሁለቱ ዳር ተበልቷል፣ የቀሩት ደህና ናቸው። አንዱን ስገልጥ ስለ ከተማችን ገበያ የተጻፈ ዜና አገኘሁ። ግድግዳ ላይ ገልብጬ ለጠፍኩት። ሽማግሌዎች እሱን ሊያነቡ እየመጡ ነው፣ ከዚያ በፊት ገብተው የማያውቁ።

ከመደርደሪያ 1,260 መጽሐፍ አወጣሁ። ዓቃቤ ሕግ ግማሽ ቀን ሰጠኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሁለት ማታ መጣች። ንብረት ክፍል መጀመሪያ ተቆጣ። ዝርዝሩን ከነቁጥሩ ሳሳየውና "አልወጣም፣ እዚሁ ነው" ስለው ረጋ አለ። የሂሳብ አያያዙ 20 ቅጂ ለኮሌጁ እንዲዛወር ደብዳቤ ተጽፏል።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ቦታ ሲገኝ አንዳንዱን መጽሐፍ በፊቱ አቆምኩት፣ ሽፋኑ እንዲታይ። አንድም አዲስ መጽሐፍ ሳልገዛ ነጥቡ ጨመረ። ልጆቹ "አዲስ መጣ?" ይሉኛል። ከሦስት ዓመት በላይ እዚያው የነበሩ ናቸው። ጥላ ውስጥ ነበሩ።

ከግዥው የመጀመሪያውን 35,000 ብር አዘጋጅቻለሁ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤያለሁ። መምህር፣ የፊዚክስና የሂሳብ ማጣቀሻው አራት አራት ቅጂ ገብቷል። ልብ ወለዱንም አልተውኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በር ላይ ደብተር አስቀምጬ "ምን ይገዛ?" ብዬ ነበር። ከሁሉም በላይ የተጻፈው ልብ ወለድ ነው። ሁለተኛው ያልጠበቅሁት ነው፦ ስለ ዶሮ እርባታ።

የ2013ቱን የንግድ ሕግ በሁለት ቅጂ አሳትሜ አስጠርዣለሁ። በሩ ላይ "የንግድ ሕግ ገልብጠው የሄዱ ወንድማችን፣ ሕጉ ተለውጧልና እባክዎ ይምጡ" ብዬ ለጥፌያለሁ። አልመጣም። ገበያ ቀን ቅዳሜ ስለሆነ ወረቀቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ውጪው በር አወጣዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ማዋስ መጀመር እፈልጋለሁ። ልብ ወለድ በሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ አያልቅም። ግን ቢጠፋ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። ጋሼ፣ እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?

---

ጡረተኛው ባለ ካታሎግ

ልጄ፣ እኔም ለዓመታት የፈራሁት ይኸንኑ ነው። በፍርሃት ቆልፌ የያዝኳቸው መጻሕፍት ነበሩ፤ ጡረታ ስወጣ እንደ አዲስ ነበሩ። ዛሬም ይቆጨኛል።

የጠፋና ያለቀ መጽሐፍ አንድ አይደለም። በንባብ ብዛት ገጹ የተበተነ መጽሐፍ ሥራውን ሠርቷል። እሱን በዓመት አንድ ጊዜ ቆጠራ ላይ "በአገልግሎት ያለቀ" ብለሽ ለኮሚቴው አቅርቢ፣ በአንቺ ላይ ዕዳ አይሆንም። ለጠፋው ደግሞ ደንብ ይኑርሽ። ተዋሹ መታወቂያ ያሳያል፣ ተማሪ ከሆነ ወላጅ ወይም መምህር ዋስ ይሆናል። የጠፋ በገንዘብ ሳይሆን ራሱ መጽሐፉ ተገዝቶ ይተካል። ገንዘብ ከሆነ ወደ ገቢ ይገባና መጽሐፉ ተመልሶ አይመጣም። ደንቡን ኃላፊሽ ይፈርምበት፣ ንብረት ክፍል በግልባጭ ይወቀው። ፊርማ ሳይኖር አንድም እንዳታውሺ።

በ50 መጽሐፍ ጀምሪ፣ በልብ ወለድና በልጆች። የማጣቀሻ መጽሐፍ አይወጣም። ስለ ዶሮ እርባታው የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚያትማቸው ቀጫጭን መመሪያዎች አሉ፣ በነፃ ይሰጡሻል፣ ዛሬ ሂጂ። የውሰት ደንቡን ረቂቅ ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።